ከማውንቴን ወደ ኮርሳ፦ የመጀመሪያዋን ኮርሳ ስትገዙ

የመጀመሪያ ኮርሳዬን (ቀጭን ጎማና ታጣፊ መሪ ያላትን የአስፋልት ሳይክል) ለመግዛት 20 ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም። ቀይ ነበረች። በአንድ እጅ ብድግ ሳደርጋት ቅል ናት። አምስት ዓመት ማውንቴን፣ ማለትም ወፍራም ጎማ ያለውን የተራራ ሳይክል፣ ስነዳ ኖሬ ስለ ሳይክል ማን ሊነግረኝ ነው? በሦስተኛው ሳምንት ትንንሽ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አንገቴም አልዞር አለ። ከስሬ ሸጥኳት። ሻጩ አላታለለኝም፤ የሸወደኝ የማውንቴን ልምዴ ነው።

እናንተ እንዳትደግሙት በተራ በተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መንገዳችሁን አስቡ

ኮርሳ ሁሉ አንድ አይደለም። ቃሉ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ሩጫ ወይም እሽቅድምድም ማለት ነው። የውድድር ኮርሳም እንደ ስሙ ነው፤ መሪው ዝቅ ብሎ ወገብን ያጎብጣል። ኢንዱራንስ የሚባለው ዓይነት መሪው ከፍ ይላል፣ ሰፋ ያለ ጎማም ይገባለታል። ግራቭል ደግሞ መሪው እንደ ኮርሳ ታጥፎ ጎማው ወደ ማውንቴን ይጠጋል።

የኔ ምክር? ማውንቴናችሁን ልትሸጡት ከሆነ ግራቭል ግዙ። ልታስቀሩት ከሆነ ግን ግራቭሉ ከእሱ ጋር ይደራረብባችኋል፣ ስለዚህ ኢንዱራንስ ይሻላል። አስፋልቱ ድንገት አልቆ ኮብልስቶን ላይ ለሚጥላችሁ ለአዲስ አበባ መንገድ የውድድር ኮርሳ ቅንጦት ነው።

ልክ፦ እኔ የወደቅሁበት ቦታ

ማውንቴኔ ላርጅ ነበር። ስለዚህ ትልቅ ፍሬም ጠየቅሁ፣ 56 ሰጡኝ። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። በማውንቴን እጃችሁ ቀጥ ባለው መሪ ላይ ያርፋል። በኮርሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትይዙት የፍሬኑን እጀታ ራስ ነው፣ እሱ ደግሞ ከመሪው ብዙ ሴንቲሜትር ወደ ፊት ይወጣል። የለመዳችሁትን ርዝመት ይዛችሁ ከመጣችሁ ልብስ ማድረቂያ ገመድ ላይ የተሰጣችሁ ትመስላላችሁ።

የኮርሳ ልክ ብዙ ጊዜ በሴንቲሜትር ይጻፋል፦ 52፣ 54፣ 56 እያለ። ቁመቱ 1.70 እስከ 1.75 የሆነ ሰው ከ52 እና ከ54 ቢጀምር ጥሩ ነው። አምራቹ ሁሉ በየራሱ ስለሚለካ ግን ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ውጡባት።

አንድ ሰው ሳይክሏን ይያዝላችሁ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ወደ ታች አውርዱት። እግራችሁ ቀጥ ካለ የኮርቻው ከፍታ ለጊዜው ይበቃል። ከዚያ የፍሬኑን ራስ ያዙ። ክርናችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት። አሁን እጃችሁን ለሁለት ሰከንድ ልቀቁት። ወደ ፊት ከተደፋችሁ ረዝማባችኋለች። በሁለት ልክ መሃል ብትዋልሉ ትንሿን ውሰዱ። መሪውን ከፍሬሙ የሚያያዘውን አጭር ብረት በረጅም መቀየር ይቻላል፣ ትልቅ ፍሬም ግን አይጠብም።

ጥርሱን ቁጠሩ

ብዙ ማውንቴን ከፊት 32፣ ከኋላ እስከ 51 ጥርስ አለው። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ 0.63 ዙር ብቻ ይሄዳል። በኮርሳ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ቀላሉ ማርሽ ከፊት 34፣ ከኋላ 34 ነው፤ አንድ ለአንድ ማለት ነው። ባለ 29 ኢንች ማውንቴንና ኮርሳ የቸርኬያቸው ዲያሜትር አንድ ዓይነት ስለሆነ (622 ሚሊሜትር) ንጽጽሩ ሐቀኛ ነው።

ያገለገለ የውድድር ኮርሳ ስታገኙ ግን ከፊት ትንሹ 39፣ ከኋላ ትልቁ 25 ሊሆን ይችላል። ያ 1.56 ነው፣ ከማውንቴናችሁ ሁለት እጥፍ ተኩል ይከብዳል። በዚህ እንጦጦን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ ልትወጡ? ጉልበታችሁ ይፈርዳል። አንዱ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ቁጠሩ። የኋላው ትልቁ ከ32 ካነሰ ወይ ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይ ተዉት።

የሺማኖ ኩባንያ የማርሽ ዕቃዎች በደረጃ ይለያያሉ፦ ክላሪስ ከኋላ 8 ማርሽ አለው፣ ሶራ 9፣ ቲያግራ 10። ለመጀመሪያ 8 ወይም 9 አያሳፍርም። ካቴናውም ይረክሳል።

ጎማና ጎሚስታ

የማውንቴን ጎማ 56 ሚሊሜትር አካባቢ ይሰፋል። የድሮ ኮርሳ 23 ነው። ፍሬሙ 28 የሚቀበል ይሁን፣ 32 ከተቀበለማ እሰየው። ንፋሱም ሌላ ዓለም ነው። በማውንቴን 25 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የለመደ ሰው ባለ 28 ጎማ ላይ እንደ ክብደቱ ከ70 እስከ 80 መሙላት አለበት። በጣት ጫን አድርጎ «ይበቃል» ማለት እዚህ አይሠራም። ንፋስ ካነሰው የመጀመሪያው ጉድጓድ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር ነክሶ ሁለት ቦታ ይበሳዋል።

ሌላም አለ። የኮርሳ ካላማዳሪ የንፋስ መግቢያው ቀጭን ነው። የሰፈር ጎሚስታ ኮምፕረሰር አይገጥመውም። ትንሽ የነሐስ ማገናኛ አለች፣ ጫፉ ላይ ትጠመዘዛለች። ሁለት ግዙና አንዷን ኮርቻ ስር አስቀምጡ። እኔ ይህን ያወቅሁት ሱሉልታ መንገድ ላይ ሳይክሌን ተሸክሜ ነው።

ፍሬኑ ዲስክ ቢሆን በዝናብ ይሻላል። ቸርኬውን የሚጨብጠውም ይሠራል። ፔዳልና ጫማ አትግዙ፣ የማውንቴናችሁ ይገጥማል። ስትፈቱት የግራው በተቃራኒ እንደሚዞር አትርሱ።

ያገለገለች ከሆነች

ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ካቴናው ላይ ከአንዷ ፒን መሃል ጀምራችሁ 12 ኢንች ለኩ። አዲስ ካቴና ልክ ሌላ ፒን መሃል ላይ ያርፋል። ፒኑ በ1/8 ኢንች ካለፈ ካቴናው አልቋል፣ የኋላ ጥርሶቹንም ሳይበላቸው አይቀርም። የኮርቻውን ብረት ፈትታችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ አልንቀሳቀስ ካለ ዝጎ ተጣብቋል። ማርሾቹን ሁሉ አንድ በአንድ ቀይሩ፣ ማርሽና ፍሬን አንድ ላይ ያለበት እጀታ ከተበላሸ ውድ ነው። ካርቦን ከሆነችና ታሪኳን የማታውቁ ከሆነ እለፏት። ውድቀት የበላው ካርቦን ከላይ ሳይታይ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ንዷት

ሱቁ በር ላይ አንድ ዙር አይበቃም። ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ቁልቁለት ያለበት። ከታችኛው የመሪ ጥምዝ ላይ ሆናችሁ ጣታችሁ ፍሬኑ ላይ ይደርስ እንደሆነ ሞክሩ። ቀስ ብላችሁ ስትታጠፉ የፊት ጎማው የእግራችሁን ጣት ቢነካ አትደንግጡ፣ በትንሽ ፍሬም ያጋጥማል። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለመዝለል የምትለማመዱትን ግን እዚያው ማውንቴኑ ላይ ተዉት። የዝናብ ውሃ መውረጃ ፍርግርግም ስታዩ ራቁ፤ ክፍተቱ ከመንገዱ ጋር አንድ አቅጣጫ ከሆነ ባለ 28 ጎማን እንዳለ ይውጠዋል።