ለእናታችሁ ስማርት ስልክ ስትሰጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደምቢያና ከዳባት ለገበያ የሚመጡ ሰዎች ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውልኝ ይመጣሉ። ብዙው ብልሽት አይደለም፤ ልጆቻቸው ጀምረው ያልጨረሱት ሥራ ነው።

የማንም ያልሆነ ጂሜይል መክፈት

ይቺን መናገር ሰልችቶኛል። ልጅ ስልክ ይገዛል። የሱቁ ልጅ ቶሎ ለመገላገል የመጣለትን ጂሜይል ይከፍታል። ፓስዎርዱን ማንም አይጽፈውም። አንድ ቀን እናት ፓተርኑን ይረሳሉ፣ ጎረቤት «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ግን ተቆልፎ ፎርማት የተደረገ ስልክ የድሮውን ጂሜይል ይጠይቃል። ለሌባ የተሠራ ነው፤ የሚይዘው ግን እማማን ነው።

አንዲት እናት እንዲህ ያለ ስልክ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ስልኩስ ይቅር፤ ፎቶዋን ብቻ አውጣልኝ» አሉኝ። ልጃቸው ቤሩት ከመሄዷ በፊት አብረው የተነሱት ነው። ፎርማት ሲደረግ ጠፍቷል። እንዴት እንደምነግራቸው ግራ ቢገባኝ ቡና አዘዝኩላቸው።

እኔም ሥራ ስጀምር እንዲህ ያለ ጂሜይል ለስንቱ ከፍቻለሁ። በስማቸውና በራሳቸው ስልክ ቁጥር ክፈቱላቸው። ፓስዎርዱን በወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያቸው ጋር አስቀምጡ። በቃ።

ያለ ጥቅል ዳታ ማብራት

ካርድ ተሞልቶ ዳታው ክፍት ከሆነ ከሒሳቡ ላይ ይቆርጣል፣ ያውም በውድ። «ካርዴን በሉኝ» የሚባለው ይሄኔ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ መጀመሪያ በ*999# ጥቅል ግዙ። ቴሌግራም ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድም ሴቲንጉ ውስጥ አጥፉት፤ የእድር ግሩፕ ብቻውን ጥቅል ይጨርሳል።

ሲሙን የትም መክተት

አንዳንድ የቆየ ባለሁለት ሲም ስልክ ሁለተኛው ቦታው 2ጂ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ኔትወርኩን ከመራገም በፊት ሲሙን አዛውሩት።

የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር

«ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ለሚደውል አይነገርም። ለእኔም አይነገርም።

ስልኩን ከእጃቸው መንጠቅ

«ቆይ እኔ ላድርግልሽ» አትበሉ። እጃቸው ካልነካው አይለምዱትም። መጻፍ ካልሆነላቸው ቴሌግራም ላይ ተጭነው ይዘው የሚናገሩባትን የማይኳን ምልክት ብቻ አሳዩ። አንድ አባት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማይኩን አራት ጊዜ ቶሎ ለቀቁት። በአምስተኛው ሪያድ ላለው ልጃቸው «አለሁ፤ በሬውም ደህና ነው» ብለው ላኩ። ከዚያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው መልሱን ይጠብቁ ጀመር።