ሾርትከት አልከፍት ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጅማ ውስጥ ከሂርማታ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ኮምፒውተር በምጠግንባት ክፍል አዘውትሬ የምሰማው አቤቱታ «ፕሮግራሙ ጠፋብኝ» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፕሮግራሙ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ የተበላሸው ወደ እርሱ የሚወስደው ሾርትከት ነው። ሾርትከት ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ የምናውቀው፣ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎባይት የማይበልጥ ትንሽ ፋይል ሲሆን በውስጡ የሚይዘው የፕሮግራሙን አድራሻና ምስሉ ከየት እንደሚመጣ የመሳሰሉ መረጃዎችን እንጂ ፕሮግራሙን አይደለም። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ፍላሹን ይዞ መጥቶ ስንከፍተው ያገኘነው 2 ኪሎባይት የምትመዝን ሾርትከት ብቻ ነበር፤ ጽሑፉ እቤቱ ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል።

በጣም የተለመደው ምልክት ሾርትከቱን ሁለቴ ሲጫኑት፣ የሚያመለክተው ነገር ተቀይሯል ወይም ቦታ ለቋል የሚልና ሾርትከቱ ይጥፋ ወይ ብሎ የሚጠይቅ መልእክት መምጣቱ ነው። «ኖ» ብለው ይመልሱ፤ የተበላሸ ሾርትከት ፕሮግራሙ የት እንደነበረ የሚናገር ማስረጃ ስለሆነ ከመጥፋቱ በፊት መነበብ አለበት። ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ሲገቡ «ታርጌት» በሚለው መስመር ላይ ሙሉ አድራሻው ተጽፎ ያገኙታል። መስመሩን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ያንብቡት፤ ከዚያም በፋይል ኤክስፕሎረር ያንኑ መንገድ ፎልደር በፎልደር እየተከተሉ የት ላይ እንደሚቋረጥ ይመልከቱ።

መንገዱ ገና በድራይቩ ፊደል ላይ ከተቋረጠ፣ ለምሳሌ አድራሻው «ኢ» እያለ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው «ኤፍ» ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ያለበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሌላ ፍላሽ ቀድሞት በመሰካቱ ፊደል ተቀይሮበታል ማለት ነው። የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርገው «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ በመግባት የቀድሞውን ፊደል ቢመልሱለት ሾርትከቶቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ፎልደሩ ስሙ ተቀይሮ ወይም ተዛውሮ ከሆነ ወደ ቦታው መመለስ፣ አለዚያም ፕሮግራሙን ባለበት አግኝቶ በራይት ክሊክ «ሴንድ ቱ» ከሚለው ውስጥ ዴስክቶፕን መርጦ አዲስ ሾርትከት መሥራት ይበቃል።

ፎልደሩ በቦታው ኖሮ ዋናው ፋይል ብቻ የጎደለ እንደሆነ የምጠረጥረው አንቲቫይረሱን ነው። እዚህ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞሩት፣ ቁልፋቸው ተሰብሮ የሚጫኑት ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብተው «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» የሚለውን ሲከፍቱ ምን ተይዞ እንደታገደ ያያሉ። ከታመነ ምንጭ የመጣ ካልሆነ ግን ከእገዳ አያውጡት፤ ሕጋዊውን ቅጂ እንደገና መጫን ይሻላል።

ሁሉም ሾርትከት አንድ ዓይነት ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ኖትፓድን፣ የሚከፍት ከሆነ መንስኤው ሌላ ነው። አንድ ሰው ሳያስተውል የሾርትከትን የፋይል ዓይነት ራሱን ከዚያ ፕሮግራም ጋር አስተሳስሮታል። ይህ የሚስተካከለው ሬጅስትሪን፣ ማለትም የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበትን መዝገብ፣ በሚከፍተው በሬጅስትሪ ኤዲተር ሲሆን፣ በ«ከረንት ዩዘር» ሥር ባለው የኤክስፕሎረር ክፍል «ፋይል ኤክስትስ» ውስጥ የሾርትከቱን ቅጥያ ማለትም «ኤል ኤን ኬ»ን አግኝቶ «ዩዘር ቾይስ» የሚለውን ማጥፋት፣ ከዚያም ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ያስፈልጋል። ከመንካትዎ በፊት በ«ኤክስፖርት» ቅጂ ያስቀምጡ፤ ሬጅስትሪን ለማያውቅ ሰው ይህን ብቻውን እንዲያደርገው አልመክርም።

ሾርትከቶቹ እየሠሩ ምስላቸው ብቻ ነጭ ወረቀት የመሰለ እንደሆነ፣ የምስል ማከማቻው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ በክረምት መብራት ድንገት ሲጠፋ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። «ታስክ ማኔጀር» ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረርን እንደገና ማስነሳት አንዳንዴ ይበቃዋል። ዴስክቶፑ ጨርሶ ባዶ ከሆነ ደግሞ ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ቪው» ውስጥ «ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ» የሚለው ምልክት እንዳልተነሳ ይዩ።

ከሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያሻው ፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነው ሲገኙ ነው። እዚህም «ታርጌት»ን ያንብቡ፤ በፎልደሩ ስም ፋንታ «ሲኤምዲ» (cmd) ወይም «ደብሊውስክሪፕት» (wscript) የሚል የትእዛዝ ማስፈጸሚያ ስም ካዩ ያ ሾርትከት ቫይረሱን የሚያስነሳ ወጥመድ ስለሆነ በፍጹም አይጫኑት። ፋይሎቹ ግን ብዙውን ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸዋል። በኤክስፕሎረር የ«ፎልደር ኦፕሽንስ» «ቪው» ገጽ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይም ምልክቱን ያንሱ። አንዳንዴ ንብረትዎ በሙሉ ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቆ ይገኛል። ከውስጡ ሰነዶችዎንና ፎቶዎችዎን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠው፣ በአንቲቫይረስ አስፈትሸው፣ ከዚያ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ። ብዙ ሰው በቅድሚያ ፎርማት አድርጎ በኋላ ሊያለቅስ ይመጣል።

ኮምፒውተሩም በሙሉ ካልተፈተሸ ያው ቫይረስ የጸዳውን ፍላሽ በተሰካ በደቂቃ ውስጥ መልሶ ይይዘዋል። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፎቶ ኮፒ ቤት በሚመለስ ፍላሽ በመሆኑ፣ ለኅትመት የሚሰጥ ሰነድ ካለዎት ፒዲኤፍ አድርገው በቴሌግራም ቢልኩት ፍላሹ ከቤት መውጣትም አያስፈልገውም።