የሰርቨር ማስጫኛ ፋይል ስም እንዴት ይነበባል?

ለሰርቨር የሚሆን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊያወርዱ ሲገቡ ስማቸው የሚመሳሰል ብዙ ፋይሎች ተደርድረው ያገኛሉ። ፊት ለፊት ያገኙትን ዝም ብለው አያውርዱ። ማወቅ ያለብዎት አብዛኛው ነገር ስሙ ላይ አለ።

ኡቡንቱ ከሚባለው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንዱን ፋይል እንይ፦ ኡቡንቱ-24.04.1-ላይቭ-ሰርቨር-ኤኤምዲ64.አይኤስኦ።

1. ቁጥሩን ያንብቡ። 24.04 ማለት በፈረንጆች 2024፣ በ4ኛው ወር የወጣ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው 1 ደግሞ ከዚያ ወዲህ የመጡ ማስተካከያዎች ተካተውበት እንደገና መዘጋጀቱን ትነግርዎታለች። እሷ ከፍ ባለች ቁጥር ከጫኑ በኋላ የሚወርደው አፕዴት ያንሳል። ለሰርቨር በየ2 ዓመቱ የሚወጣውን ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚያገኝ እትም) ይምረጡ። 5 ዓመት ሙሉ የደህንነት ማስተካከያ ያገኛል፤ በመሃል የሚወጡት ግን 9 ወር ብቻ ነው። በየ9 ወሩ ሥራ ላይ ያለ ሰርቨር መነካካት ደግሞ ለማንም አይመከርም።

2. ፕሮሰሰሩን ይለዩ። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። «የእኔ ማሽን ኢንቴል ነው፤ ኤኤምዲ64 ይሆነኛል?» አዎ፣ ይሆናል። ይህን ባለ 64 ቢት አሠራር ቀድሞ ያወጣው ኤኤምዲ የተባለው የፕሮሰሰር አምራች ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ እንጂ ኢንቴልም የሚጠቀመው እሱኑ ነው። ኤክስ86_64 ወይም ኤክስ64 ተብሎ ቢጻፍም ያው ነው። ኤአርኤም64 ግን ፈጽሞ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ነው፤ ኢንቴል ማሽን ላይ አይነሳም።

3. ኢንተርኔት ይፈልግ እንደሆነ ይዩ። እንደ ኡቡንቱ ሊኑክስ የሆኑት የደቢያን «ኔትኢንስት» እና የሮኪ ሊኑክስ «ቡት» ፋይሎች ትንንሽ ናቸው፤ የቀረውን ሲጫኑ ከኔትወርክ ይስባሉ። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ኢንተርኔት ከሌለው «ዲቪዲ» የሚለውን ይውሰዱ። የዊንዶውስ ሰርቨር ፋይል ላይ «ኢቫል» ካዩ ደግሞ 180 ቀን የሚሠራ መሞከሪያ ነው።

4. በትክክል መውረዱን ያረጋግጡ። ከፋይሉ ጎን ሻ256 የሚባል ባለ 64 ፊደልና ቁጥር መለያ ይቀመጣል። ሊኑክስ ላይ ሻ256ሰም፣ ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የራስዎን ፋይል መለያ አውጥተው ያስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉን አጥፍተው እንደገና ያውርዱ። እባክዎ ይህን ደረጃ አይዝለሉት፤ የተበላሸ ፋይል ጭነቱን መሃል ላይ ሊያቋርጥብዎ ይችላል። ፋይሉንም ስሙን አይቀይሩት፤ ሻ256ሰም መለያዎቹን በራሱ እንዲያመሳክር ሲያዙት ፋይሉን የሚፈልገው በዋናው ስሙ ነው።

5. ፍላሽ ላይ ይጻፉት። ኮፒ ፔስት ማድረግ አይሠራም፤ ማሽኑ ከፍላሹ አይነሳም። ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር የሚባለውን የፍላሽ መጻፊያ ፕሮግራም ይጠቀሙ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድመው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ከተጻፈ በኋላ ፍላሹን ሲሰኩ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ሊልዎ ይችላል። እምቢ ይበሉ፤ ይዘቱን ማንበብ ስላልቻለ ነው እንጂ ፍላሹ ደህና ነው።