ጨጓራ ከማስቆረጥ በፊትና በኋላ፦ እኔ የሠራኋቸው፣ እናንተ ባትደግሟቸው የምላቸው ስህተቶች

ስሊቭ (ክብደት ለመቀነስ ጨጓራን ቆርጦ የማሳነስ ቀዶ ጥገና) በተሠራሁ በአምስተኛው ሳምንት እማዬ ጋ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። "ለሥራ ጉዳይ ኢስታንቡል ደርሼ መጣሁ" ነው ያልኩት። እማዬ እንደ ልማዷ ከዶሮ ወጡ ጠቅለል አድርጋ "አፈር ስሆን!" አለችኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ብቻ። ደረቴ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ እንባዬ መጣ፣ ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ እዚያ ተንበርክኬ እያለሁ እማዬ እህቴን "አርግዛ ይሆን እንዴ?" ስትላት ይሰማኛል።

ቅደም ተከተሉን ባይጠብቅም ከዚሁ ልጀምር።

መደበቅ

በስሊቭ ከጨጓራችሁ ከመቶ 75 እስከ 80 የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ነው፤ የወጣው ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም። ይህን ጨጓራ ይዞ፣ "ብዪ እንጂ፣ ምነው አልጣመሽም?" በማያልቅበት ቤት ውስጥ ሚስጥር ጠብቆ መኖር ራስን መቅጣት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይወቅ አላልኩም። አብሯችሁ ማዕድ የሚቀርብ አንድ ሰው ግን ይወቅ፣ "ተዋት" የሚልላችሁ። ሐኪም ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይወቅ፣ የጥርስ ሐኪሙም ጭምር። ማስታገሻ የሚያዝላችሁ እሱ ነዋ።

ማስታገሻ ካነሳን አይቀር፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እኛ ሀገር እንደ ከረሜላ ነው የሚዋጡት። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ፣ በተለይ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ሌላው ቀዶ ጥገና) የተሠራ ሰው ላይ፣ ጨጓራና አንጀት የተገናኙበት ቦታ ላይ ቁስል ያመጣሉ። ቁስሉ ሊደማ ይችላል፣ ሊበሳም ይችላል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ውሰዱ፣ ከዚያ ያለፈውን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ዋጋ አይቶ ትኬት መቁረጥ

ሆቴሉ፣ ከኤርፖርት መቀበሉ፣ ቀዶ ጥገናው፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። እኔ በዋትሳፕ ነው የጨረስኩት። ስጽፍላት የከረምኩት ለአስተርጓሚዋ ነው፣ ሐኪሙን ያየሁት በዕለቱ ጠዋት ለአምስት ደቂቃ ያህል ነው፣ እሱም እየቸኮለ። ቱርክ ጎበዝ ሐኪም አጥታ አይደለም፣ ሞልቷል። መጠየቅ የነበረብኝ ሌላ ነገር ነው፦ ከተመለስኩ በኋላ ማን ያየኛል?

የተሰፋው ቦታ ሊያፈስ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን የግድ ሆስፒታል ውስጥ እያላችሁ ነው ማለት አይደለም፤ ቤታችሁ ከገባችሁ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ልብ በኃይል መምታት፣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ህመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አንዳንዴም ግራ ትከሻ ላይ የሚሰማ ህመም። ይሄ "ነገ አየዋለሁ" የሚባል ነገር አይደለም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በምትኖሩበት ከተማ የሚከታተላችሁ ሐኪም ያዙ። ስትመለሱ ምን እንደተሠራ የሚገልጸውን ሙሉ ወረቀት በእንግሊዝኛ ተቀብላችሁ ኑ። የመመለሻውን ቀን ደግሞ ሐኪም ይወስን እንጂ የትኬት ዋጋ አይወስን፤ ከቀዶ ጥገና ማግስት ለሰዓታት ወንበር ላይ ተቀምጦ መጓዝ እግር ውስጥ ደም የመርጋቱን ዕድል ይጨምራል።

ለቀሚስ ብሎ መሠራት

የዘርፉ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበራት በ2022 ያወጡት መመሪያ ቀዶ ጥገናውን የሚመክረው ቢኤምአይው (ክብደት ከቁመት ጋር ተሰልቶ የሚገኘው ቁጥር) 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። ከ30 እስከ 35 ላለው ደግሞ እንደ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለ ሕመም ካለበት። ቁመቷ 1.60 ሜትር ለሆነ ሴት 35 ማለት ወደ 90 ኪሎ ነው፣ 30 ማለት 77 ገደማ። ለእህታችሁ ሠርግ አሥር ኪሎ ልትጥሉ ከሆነ ተዉት።

ቃርን መናቅ

ይሄ በጣም የሚቆጨኝ ነው። ቃር ነበረብኝ፣ ለዓመታት። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ይችላል፤ ከባድ ቃር ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ ባይፓስ ነው የሚሻለው። አሁን ከፍ ያለ ትራስ ላይ ነው የምተኛው፣ መድኃኒቱም አልቀረልኝም። እናንተ አስቀድማችሁ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት) ተነሡ፣ የጨጓራ ባክቴሪያውንም ተመርመሩ። እኛ ዘንድ ኤች ፓይሎሪ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል፣ መታከም ደግሞ ከመቆረጥ በፊት ነው። ባይፓስ ከተሠራችሁ በኋላ የተዘጋው የጨጓራ ክፍል በተለመደው ኢንዶስኮፒ አይደረስበትም።

የስንብት ድግስ

"ከእንግዲህ የት አገኘዋለሁ" ብዬ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ክትፎ ቤት ነው ያሳለፍኩት። ለካ እነዚያ ሳምንታት ጉበት የሚቀንስባቸው ናቸው። ስብ የበዛበት ጉበት ያብጥና ጨጓራውን ይሸፍናል፣ ሐኪሙ ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ነው የሚሠራው፣ ጉበቱ ካስቸገረው ሥራው ይከብዳል። የታዘዘላችሁን የቅድመ ዝግጅት ምግብ ጠብቁ። ሲጋራም ሺሻም በጊዜ ይቁም።

አጥሚት

ለታማሚ ጠያቂ ምን ይዞ ይመጣል? አጥሚት። ማር የገባበት፣ ቅቤ የጠጣ። ፈሳሽ ስለሆነ ይወርዳል፣ ለዚህም ነው የሚያታልለው፤ ጨጓራችሁ ቢጠብም ስኳሩና ስቡ ያልፋል። ጭማቂና ለስላሳም ያው ናቸው። ባይፓስ የተሠራ ሰው ደግሞ ጣፋጩ በቀጥታ አንጀት ውስጥ ሲገባ ላብ በላብ ይሆናል፣ ልቡ ይመታል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። መጀመሪያ የሚፈለገው ፕሮቲን ነው፣ ለብዙ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም። እንቁላል፣ አይብ፣ ዓሣ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ። እንጀራና ዳቦ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥሬ ሥጋ፣ ይቆዩ።

ውሃ ከምግብ ጋር አትጠጡ። ከበላችሁ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ነው፣ ያውም በፉት በፉት።

ጾምስ? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት 60 ግራም ማግኘት በዚህች ጨጓራ ቀልድ አይደለም። እኔ የንስሐ አባቴን አማከርኩ፣ "ለታመመ ሥርዓት አለው ልጄ" ብለው ገላገሉኝ። መጾም የምትፈልጉ ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ የፕሮቲን ዱቄት ጨምሩ፣ ምስርና ባቄላ ላይ በርቱ።

"ደህና ነኝ" ብሎ ቫይታሚን ማቆም

ዕድሜ ልክ ነው። ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። ጉድለቱ በሁለት በሦስት ወር አይታይም፣ ለዚህ ነው ሰው የሚያቆመው። የደም ምርመራውም በየዓመቱ ይቀጥላል። አንድ የሚያስቸኩል ነገር ግን አለ፦ ማስመለሱ ከቀን ወደ ቀን ከቀጠለ "ልማድ ነው" አትበሉ። የቢ1 እጥረት በሳምንታት ውስጥ ነርቭንና አእምሮን ይጎዳል።

የስኳርና የግፊት መድኃኒት የምትወስዱም በድሮው መጠን እንዳትቀጥሉ። በተለይ ኢንሱሊን። ምግቡ ሲቀንስ ስኳሩ አብሮ ይወርዳል፣ መጠኑን ሐኪም ያስተካክል።

ሴቶች፣ ይህን ስሙ። ኪሎ ሲወርድ መውለድ ያቃታት ሴት በድንገት ልታረግዝ ትችላለች። ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ይመከራል፣ ባይፓስ ከሆነ ደግሞ በሚዋጠው የወሊድ መከላከያ ብቻ አትተማመኑ። (እማዬ ያን ቀን እርግዝና ስለጠረጠረች፣ አለመሆኑን ለማስረዳት ሁሉንም ነገር መናዘዝ ነበረብኝ።)

ፀጉር በሦስተኛው በአራተኛው ወር ይረግፋል፣ ለአብዛኛው ሰው ይመለሳል።

ቆዳ ግን አይመለስም። ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። ሆድ፣ ጭን፣ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል፣ ስፖርት ጡንቻ ይሠራል እንጂ የላላ ቆዳ አይሰበስብም። ማስቆረጥ የሚፈልግም ኪሎው እስኪረጋ ይጠብቃል። ሰዉ "ቀጠንሽ፣ አማረብሽ" ሲለኝ ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ሻሼን ሳብ አድርጌ ክንዴን እሸፍናለሁ።