«ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት፦ የአሚጋ ጥያቄና መልስ ጨዋታ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፍራንክፈርት ውስጥ ማይን ወንዝ ዳር ቅዳሜ የሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያ አሚጋ 500 የሚባል አንድ የድሮ ኮምፒውተር ገዛሁ። ሻጩ ዕቃ መሸከም ሰልችቶት ይመስለኛል፣ የጫማ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ዲስክ መረቀልኝ። አንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ኩዊዝ» ተብሎ ተጽፎበታል።

የሼርዌር ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የጻፈው፣ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር የለቀቀው፣ «ከወደዳችሁት ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል። በጀርመንኛ ነው። ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች አሉት፣ በጽሑፍ የሚመለሱም አሉት። መሀል ላይ ደግሞ የክብሪት እንጨትና የሚዛን ዓይነት ጭንቅላት የሚያዞር እንቆቅልሽ ጣል ያደርጋል።

እስክጫወተው ድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንቴ «ተበላሽቷል» እንዳልኩ አልቆጠርኩም። አልተበላሸም ነበር። እኔ ነኝ እንደ ዛሬ ስልክ የያዝኩት። አሁን አሮጌ ማሽን የገዙ ወዳጆቼ ሲደውሉልኝ ያው የእኔው ስህተቶች ናቸው የሚመጡት። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከገበያ እንደገባ መሰካት

አሚጋ 500 የወጣው በ1987 ነው። ሠሪው ኮሞዶር በ1994 ከስሯል። ስለዚህ እጃችሁ የሚገባው ማሽን ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። ሆዱ ሥር አንዲት ትንሽ ክዳን አለች። ብዙዎቹ እዚያ ውስጥ ተጨማሪ ሜሞሪ አላቸው፤ ሜሞሪው ላይ ደግሞ ሰዓቱን የምታስኬድ ባትሪ ተበይዳለች። ይህች ባትሪ ስታረጅ ታፈሳለች፣ ፈሳሹም መዳቡን ይበላል። ክዳኗን ክፈቱ። አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ አትሰኩ፤ መጀመሪያ ባትሪውን አስነቅሉና አጽዱት።

ዲስኩን ላፕቶፕ ላይ ከትቶ «እሺ» ማለት

ይቺን በራሴ እጅ ነው የሠራኋት። በመጀመሪያው ምሽት በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ አምጥቼ ከካርቶኑ አንድ ዲስክ ከተትኩ። ላፕቶፑ ዲስኩ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «ያው ባዶ ነው ማለት ነው» ብዬ እሺ አልኩ። ምን እንደነበረበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ኩዊዙ ባለመሆኑ ብቻ ተመስገን ነው።

ዲስኩ ባዶ አልነበረም። ላፕቶፑ ቋንቋውን ስላልቻለ ነው «ምንም የለም» ያለው። የፒሲ ዲስክ እያንዳንዱ ክብ መስመር ላይ 9 ክፍሎች ይጽፋል፣ በመካከላቸውም ክፍተት ይተዋል። አሚጋ ግን መስመሩን በአንድ ትንፋሽ ይጽፈዋል፣ 11 ክፍል ያስገባበታል። እያንዳንዱ ክፍል 512 ባይት ነው። በሁለቱ ገጽ 80፣ 80 መስመር አለ። አባዙት፤ 901,120 ባይት ይመጣል። ያው «880 ኪሎባይት» የሚባለው ነው። ያንኑ ዲስክ ፒሲ ሲጽፍበት 720 ብቻ ይይዛል።

በዩኤስቢ የሚሰካው ማንበቢያ የሚያውቀው የፒሲውን አጻጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የአሚጋ ዲስክ ለዘላለም «ፎርማት ላድርገው?» እያለ ይኖራል። መፍትሔው ግሪስዊዝል የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ነው። ከድሮ ፒሲ የተፈታ ተራ ፍሎፒ ድራይቭ ትሰኩበታላችሁ፣ እሱ ምልክቱን እንዳለ ያነብና ኤዲኤፍ ወደሚባል አንድ ፋይል ይቀይረዋል። ሰሌዳውን መግዛት ካልፈለጋችሁ አሚጋው ራሱ ዲስኩን ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል። ባዶ ዲስክ ስትገዙ ግን ከጀርባው ሁለት ቀዳዳ ያለውን፣ ማለትም 1.44 ሜጋባይት የሚለውን አትግዙ። ሽፋኑ ሌላ ስለሆነ ዛሬ ይይዝና በሳምንቱ ይረሳል።

ዋናውን ዲስክ ክፍት አድርጎ መጫወት

የዲስኩ ጥግ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ፕላስቲክ አለች። ቀዳዳዋ ክፍት ሆኖ ብርሃን ካሳለፈ ዲስኩ ተቆልፏል፣ ምንም አይጻፍበትም። ብዙ ሰው ግልብጡን ነው የሚያስበው።

ይህ ለምን ያሳስባል? ጫማ ካርቶን ውስጥ ተከማችተው የመጡ ዲስኮች ንጹሕ ላይሆኑ ስለሚችሉ። በ1987 ኤስሲኤ የሚባል ቫይረስ ከስዊዘርላንድ ወጥቶ አሚጋን አዳርሶ ነበር። የሚቀመጠው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ፣ ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው ቦታ ነው። አንድ ጊዜ ሜሞሪ ከገባ በኋላ ያልተቆለፈ ዲስክ ከታችሁ ማሽኑን ባስነሳችሁ ቁጥር ራሱን ይገለብጣል። ኋላ ላይ ስክሪኑ ላይ «አሚጋህ ሕይወት ዘርቷል» የሚል መልእክት ያመጣል። አንዳንዱ የጨዋታው ቀልድ ይመስለዋል።

ኮንትሮልና ሁለቱን የአሚጋ ቁልፎች ተጭኖ ማስነሳት አይገድለውም። አጥፍታችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ዋናው ዲስክ ሁልጊዜ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ የምትጫወቱት በግልባጩ ይሁን። ግልባጩ ግን ክፍት መሆን አለበት። ጨዋታው ነጥብ የሚመዘግበው ዲስኩ ላይ ስለሆነ፣ ከቆለፋችሁት ጥያቄውን ጨርሳችሁ ስትደሰቱ «ዲስኩ ተቆልፏል» የሚል ሣጥን ይመጣባችኋል።

«ዲስኩን ከፈትኩት፣ ባዶ ነው»

ማሽኑ ተነስቶ የዲስኩን ምስል ሁለቴ ስትጫኑት ባዶ መስኮት ይከፈታል። አትደንግጡ። የአሚጋው ዴስክቶፕ፣ ወርክቤንች 1.3፣ የሚያሳያችሁ አይኮን የተሠራላቸውን ፋይሎች ብቻ ነው። ቤቱ ሆኖ ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ለሁሉም ፋይል አይኮን መሥራት ሁልጊዜ አይታየውም። ሼል የሚባለውን መስኮት ክፈቱና «ዲር» ብላችሁ የዲስኩን ስም ጻፉ። ዝርዝሩ ይመጣል። የእኔ ላይ ከጨዋታው ሌላ ሦስት ፋይል ተደብቆ ኖሯል።

አንዱ «ሊስሚሽ» ይላል። በጀርመንኛ «አንብበኝ» ማለት ነው። እንደ ስሙ አለማንበብ ሌላው ስህተት ነው፤ ምናልባትም ትልቁ። ሱቅ የሚሸጥ ጨዋታ በሣጥን ከነመጽሐፉ ይመጣል። ሼርዌር መጽሐፍ የለውም፤ ያለው ይህ ፋይል ነው። «ታይፕ» ብላችሁ ስሙን ብትጽፉለት ስክሪኑ ላይ ይፈስሳል። መጨረሻው «ዶክ» የሚል ፋይልም ያው ተራ ጽሑፍ ነው፣ ከዎርድ ጋር ዝምድና የለውም።

ጨዋታው ለሁለት ሳምንት ብልጭ ብሎ እየጠፋ ሲያናድደኝ የነበረው ለምን እንደሆነ እዚያ ላይ በሁለት መስመር ተጽፏል። ጨዋታው ሊብስ በሚለው የማሽኑ ሥርዓት ፎልደር ውስጥ አንድ ተጨማሪ ላይብረሪ (አጋዥ) ፋይል ይፈልጋል፤ ደራሲው ፋይሉን ዲስኩ ላይ አስቀምጦታል፣ «ገልብጡት» ብሏል። ገለበጥኩት። ተነሳ። ደስ ብሎኝ ሳይሆን አፍሬ ነው የሳቅኩት።

በኢሙሌተር ሲጫወቱ ሰዓቱንና ስክሪኑን መዘንጋት

ቨርጂኒያ የሚኖር ወዳጅ አለኝ፣ ጀርመን አገር ተምሮ የሄደ። ኤዲኤፉን ላኩለት፣ ኮምፒውተሩ ላይ በኢሙሌተር፣ ማለትም አሚጋን በሚያስመስል ፕሮግራም ይጫወታል። አንድ ቀን ደውሎ «ይሄ ሰውዬ ሦስት ምርጫ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ አንዳንዴ ደግሞ መልሱ ውስጡ የለም» አለኝ።

ምርጫው አራት ነው። ወዳጄ ኢሙሌተሩን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ልክ፣ ኤንቲኤስሲ በሚባለው አስተካክሎታል። የአውሮፓው ፓል ስክሪን ቁመቱ 256 መስመር ነው፣ የአሜሪካው 200። አራተኛው ምርጫ ከታች በቀሩት 56 መስመሮች ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ፓል በሰከንድ 50 ጊዜ ስክሪኑን ይስላል፣ ኤንቲኤስሲ 60 ጊዜ። ብዙ የድሮ ጨዋታ ጊዜ የሚቆጥረው በዚህ ነው። ለ30 ሰከንድ ብሎ 1,500 ስዕል የሚቆጥር ጨዋታ፣ አሜሪካ ልክ ላይ በ25 ሰከንዱ «ጊዜ አልቋል» ይላል። ወዳጄ ነጥቡ ለምን ከእኔ እንደሚያንስ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ምክንያቱን እቀበላለሁ፣ ግማሹን።

ፍጥነቱንም «የቻልከውን ያህል» የሚለው ላይ አታድርጉት። ኪክስታርት የሚባለውን የማሽኑን ማስነሻ ፕሮግራምም 1.3ቱን ምረጡ፤ የዚያ ዘመን ጨዋታ ከኋላ በመጡት ላይ የሚያኮርፍበት ጊዜ አለ። ኪክስታርቱ ባለቤት አለው፣ አሚጋ ፎሬቨር በሚባለው ጥቅል በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል።

ኒው ዞርክ

ጥያቄው የነጻነት ሐውልት የት ከተማ ነው ይላል። «ኒው ዮርክ» ብዬ መታሁ። «ስህተት» አለኝ። ደግሜ መታሁ። «ስህተት።» ሦስተኛው ላይ ስክሪኑን ቀና ብዬ አየሁት። «ኒው ዞርክ» ነው የሚለው።

የጀርመን ኪቦርድ ላይ የዋይና የዜድ ቦታ ከእንግሊዝኛው ይለዋወጣል። ማሽኑ ግን ካልነገራችሁት በስተቀር ሁሉም ኪቦርድ አሜሪካዊ ይመስለዋል። የባሰው ደግሞ የራሴ አገር ስም ነው። በጀርመንኛ ኢትዮጵያ የሚጀምረው ከላዩ ሁለት ነጥብ ባለበት «ኤ» ነው። ያንን ቁልፍ ስጫን ጭረት ይወጣል። አገሬን ጠይቆኝ ዜሮ ሰጠኝ! ሴትማፕ የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ «ዲ» ብላችሁ ብትጽፉ ኪቦርዱ ጀርመንኛ ይሆናል። ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው ዝርዝር ውስጥ ካስገባችሁት በየቀኑ አትጽፉትም።

ከ1990 ጋር መከራከር

ልጄ «ትልቁ የአፍሪካ አገር?» ሲላት አልጄሪያን መረጠች፤ ተሳስተሻል ተባለች። አኮረፈች። ለእሷ ልክ ነች፤ ሱዳን በ2011 ለሁለት ከተከፈለች ወዲህ ትልቋ አልጄሪያ ናት። ጨዋታው የተጻፈው ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ ነው። ፕላኔቶቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ፕሉቶ ከዝርዝሩ የወጣው በ2006 ነው። የኢትዮጵያ ወደቦች ምጽዋና አሰብ ናቸው፤ ኤርትራ ነጻ የሆነችው በ1993 ነው።

መጫወት ያለባችሁ እንደዚያ ዘመን ሰው ሆናችሁ ነው። መጀመሪያ የደራሲውን ፋይል ታች ያለውን ዓመት እዩ፣ ከዚያ መልሱ። አንዳንዴ ደስ የሚል ነገር ይመጣል። የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የማን ነው የሚል ጥያቄ ከዚያ ዘመን ቢገጥማችሁ፣ በላይነህ ዲንሳሞ በሉ። ሮተርዳም ላይ በ1988፣ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። እስከ 1998 ድረስ የነካው አልነበረም።

የጥያቄውን ፋይል ከፍቶ መልሱን «ማረም» የሚያምራቸው አሉ። በግልባጩ ላይ እንደፈለጋችሁ፤ ዋናውን ግን አትንኩ።

«ነጻ ነው» ማለት፣ ወይም ገንዘብ በፖስታ መላክ

በየአምስት ጥያቄው ስክሪን ይቆምና 20 ማርክ እንድልክ ይለምነኛል። እኛ ልጆች ሳለን እንቆቅልሽ ያቃተው አገር ይሰጥ ነበር። ይህን ለልጄ አስተምሬአት ስለነበር ልመናው ሲመጣ «አባዬ፣ አገር ስጠውና ይቀጥል» ትለኛለች።

ሼርዌር የሚጀምረው አሜሪካ ነው። በ1982 አንድሩ ፍሉጌልማን ፒሲ ቶክ የሚባል ፕሮግራሙን ሰው እንዲያባዛው ፈቅዶ፣ የወደደ 25 ዶላር እንዲልክ ጠየቀ። ስሙን ያስለመደው ግን በ1983 ፒሲ ራይትን ያወጣው ቦብ ዋላስ ነው። አሚጋ ላይ ፍሬድ ፊሽ የሚባል ሰው እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን እየሰበሰበ ቁጥር የተሰጣቸው ከ1000 በላይ ዲስኮች አሰራጨ። በ1992 የተጀመረው አሚኔት የሚባለው የአሚጋ ፕሮግራሞች የኢንተርኔት ማከማቻም እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ የእናንተን ጨዋታ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉት፣ ደራሲው ኋላ በነጻ ለቆት ሊሆን ይችላል።

ካልለቀቀው ጨዋታው የእሱ ነው። መቆለፊያውን ሰብሮ መሸጥ ነውር ነው። ግን ፖስታ ውስጥ ገንዘብ ከትታችሁም አትላኩ። ጀርመን ውስጥ የፖስታ ቁጥር ከአራት ወደ አምስት አሃዝ የተቀየረው በሐምሌ 1993 ነው። የእኔ ደራሲ አድራሻ አራት አሃዝ ነው ያለው። ማርኩም ከ2002 ወዲህ ኪስ ውስጥ የለም። ደብዳቤ ግን ጽፌለት ነበር፣ ያለ ገንዘብ። ተመልሶ መጣ፣ «አይታወቅም» የሚል ማኅተም አርፎበት።

የነጥብ ሰንጠረዡን ማጥፋት

ይህ አጭር ነው። ምናሌው ውስጥ «ሰንጠረዡን አጽዳ» የሚል አለ፤ አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው እጁ ወደዚያ ይሄዳል። አትንኩት። የእኔ ዲስክ ላይ አሥር ቦታ አለ፣ ስምንቱን የያዘው «ፓፓ» የሚባል ሰው ነው። የቀድሞው ባለቤት ቤት አባት መሆን አለበት። አንደኛው 4,850 ነጥብ ነው። እኔ ትናንት ማታ 4,700 ደርሼ፣ የመጨረሻው ጥያቄ የክብሪት እንጨት ሆነብኝ።