ድራም የሌለው ርካሽ ኤስኤስዲ መቼ ይገዛል?

ቱሉ ዲምቱ ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ የነበረው አሮጌ ላፕቶፕ እስኪነሣ ድረስ ቡና ይፈላ ነበር፤ ሃርድ ዲስኩን ድራም (የራሱ ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) በሌለው ባለ 240 ጊጋባይት ሳታ (የቆየው የዲስክ መሰኪያ) ኤስኤስዲ፣ ማለትም መረጃን በቺፕ ላይ በሚያስቀምጥ ዲስክ፣ ከቀየርኩት ወዲህ ግን ደንበኛው ፍላሹን ከኪሱ ሳያወጣ ዝግጁ ይሆናል።

ድራም የሚያስፈልገው፣ እያንዳንዱ መረጃ የትኛው የፍላሽ (የኤስኤስዲው ማከማቻ ቺፕ) ክፍል ላይ እንደተቀመጠ የሚያሳየውን ማውጫ በቅርብ ለመያዝ ሲሆን፣ ለ1 ቴራባይት በተለምዶ 1 ጊጋባይት ገደማ ይመደብለታል። እሱ ከሌለ የኤስኤስዲው ተቆጣጣሪ ቺፕ ማውጫውን ከዝግተኛው ፍላሽ ደጋግሞ ስለሚያነብ፣ በተለይ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ሲጻፉ ይጎተታል።

ስለዚህ አስቀድመው የኮምፒውተርዎን መሰኪያ ይመልከቱ። ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የሚፈጥነውን አዲሱን የኤስኤስዲ ዓይነት) የሚቀበል ከሆነ፣ ከኮምፒውተሩ ራም ጥቂቱን ተውሶ ማውጫውን የሚያስቀምጥበት ኤችኤምቢ የተባለ ዘዴ ያለውን ይምረጡ፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ይደግፉታል። ሳታ ይህ ዘዴ ስለሌለው ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል እንጂ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ድራም ላለው ቢጨምር ይሻለዋል። ሻጩ «ፈጣን ነው» ብቻ ካለዎት የፍላሹን ዓይነት ይጠይቁት፤ በእኔ ግምት ቲኤልሲ (በአንድ ሴል 3 ቢት የሚይዘው) ከኪውኤልሲ (4 ቢት ከሚይዘው) ይመረጣል።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን (በእኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም) በተራ ኤስኤስዲ ላይ ድራም መኖሩ ያልተጻፈን መረጃ አያድንም፤ ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያስፈልጋል።