ደሴ ውስጥ በነባር ጭስ ማውጫ ላይ የድንጋይ ከሰል ምድጃ መግጠም፦ ችግር፣ ምክንያት፣ መፍትሄ

ከኅዳር እስከ ጥር የደሴ ሌሊት ይከብዳል። የድሮ የድንጋይ ቤት ያላቸው ሰዎች ክፍቱን የግድግዳ ምድጃ ትተው፣ ብየዳ ቤት ያሠሩትን ዝግ የብረት ምድጃ ከፊቱ ያቆሙና ቱቦውን ወደ ድሮው ጭስ ማውጫ ያስገባሉ። አብዛኛው ችግር የሚጀምረው እዚያው ቱቦው በሚገባበት ቦታ ነው። የድሮው ጉድጓድ፣ ማለትም በግንቡ ውስጥ ጭሱ ሽቅብ የሚያልፍበት ባዶ መንገድ፣ የተሠራው ለክፍት እሳት ነው። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 900 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የምድጃው ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ግን 177 ገደማ ብቻ ነው። አምስት እጥፍ ወደሚሰፋ ቀዝቃዛ ግንብ የገባ ጭስ ፍጥነቱን ያጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ይደክማል። በደሴ ከፍታ፣ ወደ 2500 ሜትር ላይ፣ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ድክመቱ ይብሳል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትልና ስለምትሞቅ ነገሩ ትንሽ ይቀልላል እንጂ አሠራሩ አይለወጥም።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፤ ጭስ ግን አይታይም

ከሁሉ በፊት ይህን እወቁ፤ የሚገድለው ይህ ነው። ከሰል ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀር ጭሱ ይቀንሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ይቀጥላል። ሽታ የለውም። በቤቱ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ካመማቸውና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። በሩን ከፍታችሁ ሁሉንም አውጡ፤ የተኛ ካለ ቀስቅሱት፣ ካልነቃ ተሸከሙት። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ምክንያቱ ሳይገኝ ምድጃው ዳግም አይለኮስ።

ምክንያቱን በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ። መጀመሪያ ቱቦው የሚታጠፍበትን ቦታ፣ ኤልቦውን ፍቱ። የድንጋይ ከሰል ብናኝ አመድ አግድም በተኛ ቱቦና በማጠፊያ ላይ እየተከመረ መንገዱን ያጠባል፤ ምድጃው በየቀኑ የሚነድ ከሆነ በየወሩ ተፈትቶ ይጠረግ። ቀጥሎ የጉድጓዱን ታች እዩ፤ የረገፈ ኖራ፣ የወፍ ጎጆና አመድ የቱቦውን አፍ ሊደፍን ይችላል። ከዚያ የቱቦውን መዝጊያ፦ ሙሉ በሙሉ የሚደፍን ከሆነ ሩቡ ተቆርጦ ይውጣ፤ ማታ “እሳቱ እንዲቆይ” ተብሎ ሲዘጋ ጋዙ ወደ መኝታ ቤት ይመለሳል። በመጨረሻ የአየር መግቢያ፦ በሩና መስኮቱ በጨርቅ የተወተፈ ቤት ውስጥ እሳቱ የሚስበው አየር ያጣል። ምድጃው ባለበት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ብሱ፤ ወፍና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ይልበስ፣ ግን አይደፈን። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ማግኘት የቻለ መኝታ ቤቱ ውስጥ ይስቀል። የእንጨት ከሰል የያዘ ማንደጃ ግን፣ መስኮት ገርበብ ቢልም፣ በምንም መንገድ መኝታ ቤት አይገባም።

ሲለኮስ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል

መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ የተኛ ቀዝቃዛ አየር ነው። ሁለት ሦስት ገጽ ጋዜጣ ቱቦው ሥር አንድዱ፣ ቀጥሎ በደረቅ እንጨት አሙቁት፣ ከሰሉን በኋላ ጨምሩ።

ሁልጊዜ ከሆነ ሰንደል ለኩሳችሁ በምድጃውና በግንቡ መገናኛ ዙሪያ አዙሩ። የሰንደሉ ጭስ ወደ ስንጥቅ ከተሳበ፣ የክፍሉ አየር በቱቦው ጎን እየገባ ጉድጓዱን ያቀዘቅዛል ማለት ነው። መፍትሄው ሁለት ሥራ ነው፤ አንዱን ብቻ መሥራት አይበቃም። አንደኛ፣ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ጥቁር ላሜራ በጉድጓዱ አፍ ልክ ይቆረጥ፣ ለቱቦው ቀዳዳ ይውጣለት፣ በብሎን ይታሰር፣ ጠርዙ በሮክ ውል (ከድንጋይ በሚሠራ፣ በማይቃጠል ጥጥ መሰል ነገር) ይጠቅጠቅ። ሲሚንቶ ብቻውን ብረቱ ሲግልና ሲበርድ ይሰነጠቃል፤ ፎም ደግሞ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ያው ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጣሪያ አናት ድረስ ይውጣ። ከላሜራው አንድ ክንድ አልፎ የሚቆም ቱቦ የከፋው አሠራር ነው። ርዝመቱን ከላይ በገመድ ድንጋይ አስራችሁ በመልቀቅ ለኩ።

ቱቦው ከመግባቱ በፊት ግንቡን ፈትኑ። ታች እርጥብ ገለባ አጭሱ፣ አንድ ሰው አናቱን ለጥቂት ደቂቃ በእርጥብ ጆንያ ይክደን፣ ሌሎች መስኮት ከፍተው በየክፍሉና በኮርኒሱ ውስጥ ይመልከቱ። ጭስ በወጣበት ቦታ የጭቃው ማያያዣ ታጥቧል፤ ሳይጠገን ሥራው አይቀጥልም።

ነፋስ ሲነሳ ብቻ ይጨሳል

ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የጣሪያውን ክፈፍ ተሻግሮ ቁልቁል ሲጫን፣ አጭር ጭስ ማውጫ ይሸነፋል። አናቱ ጣሪያውን ከሚወጣበት ነጥብ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ በዙሪያው 3 ሜትር ውስጥ ካለ ማንኛውም ጣሪያ ወይም ግድግዳ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። የዝናብ ቆብ ከቱቦው አፍ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ ራሱ ያፍናል።

ኮርኒሱ ጠቆረ፣ የተቃጠለ እንጨት ሸተተ

ወዲያው አጥፉ። ድርብ ያልሆነ፣ አንድ ላሜራ ብቻ የሆነ ቱቦ ከእንጨት፣ ከአቡጀዲ ኮርኒስና ጭቃው ውስጥ ከተቀበረ ባሕር ዛፍ 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ የማይቃጠል ይመስላል፤ ውስጡ ያለው እንጨት ግን ለብዙ ጊዜ እየደረቀ ቆይቶ በድንገት ይይዛል። ኮርኒስ በዚህ ዓይነት ቱቦ አይበሳም። የመጣው በግንቡ ነው፣ በግንቡ ይውጣ።

ከሰሉ አይያያዝም፣ ወይም “ቡፍ” ብሎ በሩን ይከፍታል

የድንጋይ ከሰል አየር የሚፈልገው ከሥሩ ነው። ለእንጨት የተሠራ፣ ፍርግርግ የሌለው ምድጃ አያነደውም። የብረት ፍርግርግ ይኑረው፣ የአመድ መሳቢያው በየቀኑ ይደፋ፣ ከሰሉ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይጎዝጎዝ። ፍንዳታው የሚመጣው ፍሙ በሙሉ በደቃቅ ከሰል ሲሸፈን ነው፤ የተጠራቀመው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይለኮሳል። ስትጨምሩ ከአንዱ ጎን ቀይ ፍም ክፍት ይተው።

ቱቦው በሁለተኛው ዓመት ተበሳ

የድንጋይ ከሰል ጥቀርሻ ድኝ አለው፤ የክረምት እርጥበት ሲያገኘው አሲድ ይሆናል። ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ ለዚህ አይሆንም፤ ሲግል የዚንክ ልባሱ ይተናል፣ ጭሱም ይመርዛል። ክፍሉ ውስጥ ለሚታየው ቱቦ ጥቁር ላሜራ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ለሚያልፈው ባለ 316 ስቴንለስ (ዝገት የሚቋቋም ብረት) ተጠቀሙ። የላይኛው ቱቦ ጫፍ ወደታችኛው ውስጥ ይግባ፣ በየመጋጠሚያው ሦስት ብሎን ይሁን፣ አግድሙ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ጉድጓዱ ሽቅብ ይበል። ብርዱ ሲያበቃ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ቱቦው ተፈትቶ ይጠረግ፤ የምድጃው በርም እስከ መስከረም ክፍት ይቆይ።